ቀስተ ደመናን በፎቶግራፍ መያዝ፦ ሰዓት፣ ቅንብርና አርትዖት በጣራ ገዳም

የቀስተ ደመና ፎቶግራፍ ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው ከአርትዖት በፊት፣ በሰዓትና በዳራ ምርጫ ነው። በአዲስ ዘመን አቅራቢያ የሚገኘው፣ ወይራና ጥድ የበቀለበት የጣራ ገዳም ደን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

የዋናው ቀስት ማዕከል ከፀሐይ ትይዩ ተቃራኒ ሲሆን ራዲየሱ 42 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ከዚህ ከፍታ በላይ ስትሆን ቀስቱ ከአድማስ በታች ይውላል። በአካባቢው በሐምሌና በነሐሴ ይህ የሚሆነው ከረፋዱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው።

ከዚያ በኋላ ቀስቱ በምሥራቅ ይታያል። ከተዳፋቱ በስተ ምዕራብ የቆመ ፎቶግራፍ አንሺ ጥቁሩን ደን ዳራ ቢያደርግ ቀለማቱ ይጎላሉ፤ ደማቅ ደመና ግን ያደበዝዛቸዋል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ግማሽ ክቡ 84 ዲግሪ ያህል ስለሚሰፋ፣ በ35 ሚሊሜትር ሙሉ ፍሬም ካሜራ የትኩረት ርቀቱ ከ20 ሚሊሜትር ያነሰ ሌንስ ያስፈልጋል። የፖላራይዘር ማጣሪያም እንደ አዟዟሩ የቀስቱን አናት አጉልቶ እግሮቹን ሊያደበዝዝ ይችላል።

በአርትዖት ጊዜ የቀለም ድምቀትን ከልክ በላይ መጨመር ተቀራራቢ ቀለማትን ያዋህዳል፤ የቀስቱን ንፅፅር ብቻ ለይቶ በጥቂቱ ማሳደግ ይመረጣል። በቀስቱ ውስጥ ያለው ሰማይ ከውጪው ይልቅ ብሩህ መሆኑ የክስተቱ ባሕርይ ስለሆነ ሊስተካከል አይገባም። ምስሉ ለጥናት ማስረጃ የሚሆነው ይህ ልዩነት ሲጠበቅና ያልተነካው ፋይል አብሮ ሲቀመጥ ነው።