ቢላዋን አንገት ላይ ስለ ማንጠልጠል

ቢላዋ ከቡና አገር ገበሬ አይለይም። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባለው ጫካ ውስጥ ቡና ሊለቅም የሚገባ ሰው መንገድ የዘጋበትን ሐረግ ይቆርጥበታል። የሙዝ ቅጠል ይቀነጥስበታል። ማር ቆራጭም ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ ሲከፍት ያለ ቢላዋ አይሆንለትም። ገጀራ ለትልቁ ሥራ ነው፤ ስለ እሱ ሌላ ቀን እንነጋገራለን። ዛሬ የምናነበው ስለ ትንሿ፣ ስለማትታጠፈው ቢላዋ ነው።

ይህችን ቢላዋ ብዙ ሰው ወገቡ ላይ ይሸጉጣታል። አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥላትም አለ። ምክንያት አለው። የለቃሚው ወገብ በቅርጫት ማሰሪያ፣ የማር ቆራጩ ወገብ ደግሞ በመውጫው ገመድ ይያዛል። ደረት ላይ ያለች ቢላዋ ግን በቀላሉ ትገኛለች። ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ጫካዎች ይኖሩ የነበሩ ነባር ሕዝቦችም ከ200 ዓመት በፊት ቢላዋቸውን በቆዳ አፎት ከተው ደረታቸው ላይ ያንጠለጥሉ ነበር። የአፋር ሰው ግን ጊሌውን በወገቡ ይታጠቃል።

አንድ ማታ ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ በማር ቆራጭነታቸው የታወቁ ጎልማሳ፣ ዘግይተው መጡ። ተራቸው ደርሶ “እስቲ ያንብቡልን” ብንላቸው ድምፃቸው አልወጣም። ኩራዙን ጠጋ ስናደርግ አንገታቸው ዙሪያውን ቀልቶ አብጧል። ቀን ዛፍ ላይ ሳሉ እግራቸው አንሸራተታቸው። ቢላዋዋ የታሰረችበት የናይለን ሲባጎ በተቆረጠ ቅርንጫፍ ጉጥ ላይ ተያዘና እሳቸውንም አብሮ አንጠለጠላቸው። ደግነቱ ጉጡ የበሰበሰ ነበርና ተገነጠለ፤ ከታች ካለው ቅርንጫፍ ላይ አረፉ። “ሲባጎው እኮ ጥሩ ነው፤ በሬ ይጎትታል” አሉን በሹክሹክታ።

ችግሩም ይኸው ነበር።

በአንገታችን ግራና ቀኝ ደም ወደ አንጎል የሚወስዱ የደም ሥሮች አሉ። እነዚህ ሥሮች ጠብቀው ከታነቁ ሰው ትንፋሽ እስኪያጥረው ድረስ እንኳ ጊዜ አያገኝም። በ10 ሰኮንድ ገደማ ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ራሱን ከሳተ በኋላ ደግሞ በገዛ እጁ ሲባጎውን ሊፈታ አይችልም። ስለዚህ የአንገት ማሰሪያ ከሌላው ገመድ ሁሉ ይለያል። ሰውየው ሳይጎዳ ማሰሪያው ቀድሞ መበጠስ አለበት።

ይህን ስንናገር አንድ ሽማግሌ፣ “ልጆቼ፣ ገመድ የሚገዛው እንዳይበጠስ አይደለም እንዴ?” አሉን። ልክ ናቸው። በሬ ለማሰር፣ ጆንያ ለመጫን ጠንካራውን እንገዛለን። ለአንገት ግን ደካማው ይሻላል። አሠራሩም ቀላል ነው። ሲባጎውን በማጅራት በኩል ቁረጡት። በሁለቱም ጫፎች ላይ ትንሽ ቀለበት ሥሩ። ቀለበቶቹን እርስ በርስ አትቋጥሯቸው፤ በቀጭን የጥጥ የልብስ መስፊያ ክር አንድ ጊዜ ብቻ አዙራችሁ አገናኟቸው። ከዚያም ፈትኑት። ክር ያለበት ቦታ በጎን በኩል እንዲሆን አድርጋችሁ ማሰሪያውን በችንካር ላይ ስቀሉና አምስት ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን አንጠልጥሉበት። ክሩ መበጠስ አለበት። ካልተበጠሰ ከዚያ የቀጠነ ክር ፈልጉ። ዝናብና ላብ ክርን ስለሚበላው በየጊዜው ለውጡት፤ ዋጋው እንደሆነ ከምንም አይቆጠርም።

ሽማግሌው ግን በዚህ አልረኩም። “ተበጥሶ ከዛፍ ላይ ቢወድቅ ከታች የቆመውን ሰው አይወጋም ወይ?” አሉ። ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው አፎቱ ላይ ነው። አንዳንዱ ሰው አፎትን ሰገባ ይለዋል። ክሩ ቢበጠስ መውደቅ ያለባት ቢላዋ ከነአፎቷ ነው። እንዲያም ሆኖ ዛፍ ላይ ሰው እያለ ከሥር መቆም አይገባም። እንዲያውም እኛን ብትጠይቁን፣ ረጅም ዛፍ የሚወጣ ሰው ቢላዋውን በከረጢት ከቶ መሬት ይተወው፤ ላይ ደርሶ ከተደላደለ በኋላ በገመድ ይሳበው። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው መሬት ላይ ለሚሠራ ሰው ነው።

ጥሩ አፎት ቢላዋዋን አጥብቆ ይይዛል። ከቆዳ ሲሠራ ስለቱ በሚያርፍበት በኩል፣ በሁለቱ ቆዳዎች መሐል ሌላ ቀጭን ቆዳ ገብቶ አብሮ ይሰፋል። አለዚያ ስለቱ ስፌቱን እየበላ አንድ ቀን ወደ ደረት ይወጣል። ጧት ጧት ከቤት ሳትወጡ ቢላዋዋን ከነአፎቷ ገልብጣችሁ ሣር ላይ አራግፏት። ከወደቀች አፎቱ ላልቷል ማለት ነው፤ ሳይጠገን አንገት ላይ አይደረግ። አካባቢያችን ዝናቡ ብዙ ነው፤ ቆዳ ሲርስ ይለሰልሳል፣ ይለቃል። ማታ ቢላዋዋን አውጥታችሁ ጥረጉ፤ አፎቱን በጥላ አድርቁ። እሳት ዳር ከደረቀ ይሰነጠቃል። ብረቱን እንዳይዝግ ሰም በስሱ ቀቡት፤ በማር አገር ሰም መቼም አይጠፋም።

ቢላዋዋ ስለቷ ከአራት ጣት ባይበልጥ መልካም ነው። ስትመዟት ጫፏ በአገጭና በጉሮሮ አጠገብ እንዳያልፍ፣ በግራ እጃችሁ አፎቱን ከደረታችሁ አርቃችሁ ወደ ጎን ምዘዙ። ስትመልሷትም ቀስ ብላችሁ፣ ዐይናችሁ እዚያው እያየ ይሁን። ከሰው ጋር እያወሩ መመለስ ጣት ያስቆርጣል።

ወፍጮ ቤትና ቡና መፈልፈያ አጠገብ ግን የአንገት ማሰሪያ ጭራሽ አይደረግም። የሞተሩ ቀበቶ ሲባጎውን ከያዘ ከመበጠሱ በፊት ሰውን ይስባል። መኪና ላይ ስትሳፈሩ፣ ስትተኙ፣ ሕፃን ስታዝሉና ስታጠቡም አውልቁት። ጠጅ ቤት ስትሄዱስ? ይህንን ሚስቶቻችሁ ይነግሯችኋል።

ይህ ሁሉ ሆኖም ሰው ይቆረጣል። በቡና አገር ልማድ ቁስል ላይ የተወቀጠ ቡና ይነሰነሳል። አመድ ወይም እበት የሚያደርግም አለ። ይህ አይደረግ። የመንጋጋ ቆልፍ በሽታ ተሕዋስ በአፈርና በእበት ውስጥ ይኖራል፤ በቁስል በኩል ይገባል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል፤ ያን ጊዜ ቁስሉ ራሱ ተረስቶ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ ጫን አድርጋችሁ ደሙን አቁሙ። ቁስሉ ትንሽ ከሆነ በንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቡት። ቢላዋ ተሰክቶ የቀረ እንደሆነ ግን አትንቀሉት፤ እንዳለ ደግፋችሁ ሰውየውን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ።

የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት አለው። ተከትቦ የማያውቅ ሰው በአንድ መርፌ አይበቃውም፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ ይወጋል፣ ሌሎቹም በየጊዜያቸው ይከተላሉ። ጤና ጣቢያው የሚቀጥለውን ቀን ካርድ ላይ ጽፎ ይሰጣል። ማር ቆራጩ ተማሪያችን ካርዳቸውን ይዘው መጡና ቀኑን ራሳቸው አነበቡልን። ድምፃቸው ገና ሻካራ ነበር።