በውጭ አገር የሚሠሩ ሐኪሞች ማኅበርና ለነጋዴው የሚሰጠው ትምህርት

ማኅበር ማለት አንድ ሙያ ወይም አንድ የትውልድ አገር ያላቸው ሰዎች፣ እያንዳንዱ ለብቻው ሊፈጽመው ያልቻለውን ሥራ በኅብረት ለመፈጸም፣ በደንብና በመዋጮ የሚተሳሰሩበት ድርጅት ነው። ዕቁብና ዕድር ለለመደ ነጋዴ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ ሳምንት የሚጠናው ከትውልድ አገራቸው ርቀው የሚሠሩ ሐኪሞች የሚያቋቁሙት ማኅበር ሲሆን፣ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ/ ስለ አመጣጡ

ሐኪም ወደ ባዕድ አገር ሲሄድ ዕውቀቱን ይዞ ቢገባም፣ የሚያውቀው ሰው የለውም። በአሜሪካ አገር፣ ትምህርቱን በሌላ አገር የጨረሰ ሐኪም በአብዛኛው ፈተና ማለፍና በሆስፒታል ውስጥ እንደ ገና መሠልጠን ይጠበቅበታል። ስለዚህ ቀድሞ የገባው ለኋለኛው መንገድ እንዲያሳየው መተባበር አስፈለገ። በዚህም ዐይነት የቻይና ተወላጆች የሆኑ ሐኪሞች በ1963 በኒው ዮርክ ማኅበር አቋቁመው፣ ለሙያ ጓደኞቻቸው የትምህርት ጉባኤ፣ ለተማሪዎች የገንዘብ ዕርዳታ፣ ለወገኖቻቸውም የጤና ምክር ሲሰጡ ኖረዋል።

በኢትዮጵያውያንም ዘንድ ነገሩ ሥር አለው። በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ያቋቋሙት፣ በጠላት ለተወረረችው አገራቸው ድጋፍ ለመሰብሰብ ነበር። በአገር ውስጥ የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር በ1961 ተቋቁሞ፣ በ1962 የሕክምና መጽሔት ማሳተም ተጀመረ። በ1999 ደግሞ በአሜሪካ የሚሠሩት የነርቭ ሐኪም ዶክተር እናውጋው መሐሪ፣ በውጭ ያሉትን ባለሙያዎች ከአገራቸው ጋር ለማገናኘት «ፒፕል ቱ ፒፕል» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ።

2ኛ/ ስለ ሥራው

የዚህ ዐይነት ማኅበር ሥራ እንደ ነጋዴ ሒሳብ በሁለት ተከፍሎ ሊታይ ይችላል። አንዱ የሚያልቅ ስጦታ ነው፤ ሁለተኛው የሚያተርፍ ዋና ገንዘብ ነው። ለሁለት ሳምንት መጥቶ የሚያክም ሐኪም ለዳኑት ሰዎች ባለውለታ ነው፤ ሲመለስ ግን ሥራው ይቆማል። ያው ሐኪም ሁለት ወጣቶችን አሠልጥኖ ቢሄድ ግን፣ እነርሱም በተራቸው ሌሎችን ያሠለጥናሉ። በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ልዩ ሥልጠና ሲጀመር፣ ይህ ማኅበር ከደጋፊዎቹ አንዱ ሆኗል። ባለሙያው በአገሩ ሊሠለጥን ቻለ ማለት፣ ለትምህርት ወጥቶ የመቅረቱ ምክንያት በአንድ ቀነሰ ማለት ነው። ማኅበር የሄደውን ሐኪም ሁሉ አይመልስም፤ ዕውቀቱን ግን ሊመልስ ይችላል።

3ኛ/ ስለ ጥንቃቄው

ያልታዘዘ ሸቀጥ መጋዘን ያጣብባል። በዕርዳታ የመጣ የሕክምና መሣሪያም መለዋወጫ ወይም የሚያሠራው ባለሙያ ካላገኘ ከቁራጭ ብረት አይሻልም። በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት በ1996 ስለ መድኃኒት ስጦታ መመሪያ አወጣ፤ ይኸውም መድኃኒቱ ተቀባዩ የሚፈልገው እንዲሆን፣ ሲደርስም ከአገልግሎት ዘመኑ በአብዛኛው ቢያንስ 1 ዓመት የቀረው እንዲሆን የሚል ነው። ላኪው ምንም ያህል ቸር ቢሆን፣ ተቀባዩ የሚያስፈልገውን በጽሑፍ ካላስታወቀ ልፋቱ ከንቱ ይሆናል።

4ኛ/ ስለ ዴራ

ዴራ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። ሕመሙ የጸና ሰው ሽቅብ ወደ አሰላ ወይም ቍልቍል ወደ አዳማ ይወሰዳል። አስታማሚው ነጋዴ ከሆነ ሱቁ ይዘጋል፤ ገበሬ ከሆነ አዝመራው ይጠብቀዋል። እንግዲህ የሐኪም ነገር የነጋዴም ነገር ነው።

ስለሆነም የከተማው ነጋዴዎች ሦስት ነገር ቢያደርጉ ይበጃል። አንደኛ፣ ከዶዶታ ወረዳ ተወልደው በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ በሕክምና ሙያ የሚሠሩትን ልጆች፣ በራሳቸውና በቤተሰቦቻቸው ፈቃድ በመዝገብ ማስፈር። ሁለተኛ፣ ከጤና ባለሙያዎች ጋር መክሮ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ሥልጠና ወይም ዕቃ ምን እንደ ሆነ መጻፍ። ሦስተኛ፣ ደብዳቤውን የሚጽፍ፣ መልሱን የሚከታተልና የመጣውን የሚያስረክብ አንድ ኃላፊ መሾም። አሰላ ሐኪሞችን የሚያስተምር ሆስፒታል ያላት ስለሆነች፣ ከውጭ የሚመጣ መምህር የሚያስተምረውን ተማሪ ለማግኘት ሩቅ አይሄድም።

ይህ ሁሉ መንግሥት ለሕዝብ ጤና ያለበትን ግዴታ አይተካም። ነገር ግን በሩቅ ያለው ልጅ አገሩን ለመርዳት ሲያስብ፣ የሚጽፍለትና የሚቀበለው ሰው በከተማው መኖር አለበት። መዝገቡን መክፈት ከአንድ ደብተር በቀር ወጪ የለውም።