የሰንጢው ችንካር ሲሰበር

ሰንጢውን ይዝጉና ጆሮዎ አጠገብ ያንቀጥቅጡት። ካንኳኳ ችንካሩ ላልቷል ወይም ተሰብሯል። ቀጥሎ ይክፈቱትና እጀታውን በአንድ እጅ፣ የስለቱን ጀርባ በሌላው ይዘው መጀመሪያ ወደ ግራና ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች ይግፉት። ወደ ጎን ብቻ የሚወዛወዝ ከሆነ የተበላው የችንካሩ ራስ ነው፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች የሚጫወት ከሆነ ግን ወይ ችንካሩ ወገቡ ላይ ቀጥኗል፣ ወይ የስለቱ ቀዳዳ ክብነቱን አጥቶ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኗል። ያኔ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይመድቡለት። ይህን ሳይለይ መዶሻ የሚያነሳ ሰው ብዙ ነው፤ የላላውን ይቀጠቅጥና ለሁለት ቀን ጠበቅ ይልለታል፣ በሦስተኛው ቀን እጀታው ይሰነጠቃል።

ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ቆላ ሲወርዱ ሰሃላን ያገኛሉ። በዚያ አገር ሰንጢ የሌለበት ኪስ ጥቂት ነው። ፍየል ጠባቂው ልጅ ዱላ ይልጥበታል፣ ከእግሩ እሾህ ያወጣበታል፣ ገመድ ይቆርጥበታል። ንብ አናቢው ሰፈፉን ከቀፎው ግድግዳ ይለይበታል። ከፍታው 188 ሜትር የሆነው የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ተመርቆ ውኃው ወደ ዋግ ኽምራ ቆላ ከተኛ ወዲህ ደግሞ ቆሮሶና አምባዛ ዓሣ የሚያጸዱ ወጣቶች ተጨምረዋል። ሁሉም ያንኑ ሰንጢ ይይዛሉ፤ ችንካሩን የሚገድሉበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። የእረኛውን የሚበላው አሸዋ ነው፤ ስለቱ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር አሸዋው ችንካሩን እንደ ሞረድ ይግጠዋል። የንብ አናቢው በሰምና በማር ይጣበቅና ሰውየው በጉልበት ሲከፍተው ይጣመማል። የዓሣ አስጋሪው ዝገት ነው። በግ ወይም ፍየል የተገፈፈበት ሰንጢ ደግሞ ደም ውስጥ ባለው ጨው ሳቢያ ከውስጥ ይበላል፤ ውጪውን በጨርቅ ጠርገው ሲያስቀምጡት ንጹሕ ይመስላል፣ ችንካሩ ዙሪያ የቀረው ግን ሥራውን ይቀጥላል። (ሰቆጣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአፋር የመጣ አሞሌ የሚራገፍባት ታላቅ ገበያ ነበረች። ጨው ብረትን ምን እንደሚያደርግ ለዋግ ሰው መንገር አያስፈልግም።)

አሁን አሁን ወጣቶች እጅ ላይ ሌላ ዓይነትም ይታያል፦ ቢራቢሮ ሰንጢ። እጀታው ሁለት ሆኖ ስለቱን ከግራና ከቀኝ አቅፎ የሚዘጋው ነው። በዓለም ላይ በዚህ ሰንጢ የታወቀችው የፊሊፒንስ አውራጃ ባታንጋስ ናት። ተራው ሰንጢ ስለቱ የሚዞርበት አንድ ችንካር ሲኖረው ይህ ሁለት አለው፤ ለየእጀታው አንድ። ከነሱ ሌላ በስለቱ ሥር ተሻግሮ ከሁለቱም ጎን በጥቂቱ ብቅ የሚል አጭር ችንካር አለ። ሥራው እጀታዎቹ እንዳያልፉ ማገድ ነው፤ ሲዘጋም የስለቱ አፍ የእጀታውን ብረት እንዳይነካ ይጠብቃል። ልጆች ሲያገላብጡት የሚመታው እርሱ ስለሆነ ቀድሞ የሚሰበረውም እርሱ ነው። የቢራቢሮ ሰንጢዎ ስለት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተሸረፈ ድንጋይ መታው አይበሉ፤ አጋጁን ችንካር ይመልከቱ። ውጭ አገር ዘመድ ያለዎት ደግሞ ይህን ሰንጢ በስጦታ እንዳይልኩለት፦ በእንግሊዝ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በጀርመን ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ በፊት ስለቱን በጨርቅ ጠቅልለው በሲባጎ ይሰሩት። ይህን ምክር ዘልለው የሚያልፉ አንባቢዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኔም ዘልዬው ነበር፣ የግራ አውራ ጣቴ ምልክቱን ይዟል። የዛገ ከሆነ ማታ ላምባ ውስጥ ነክረው ያሳድሩት። ጠዋት የችንካሩን ራስ በሞረድ ከእጀታው ወለል ጋር እኩል እስኪሆን ይፋቁት። ራሱ ሳይነሳ ከመቱት ችንካሩ ወደ ውስጥ ሲገባ ቀዳዳውን ያሰፋል፣ ቀንድ እጀታ ከሆነ ደግሞ ይሰነጥቃል። ከዚያ ሰንጢውን አንድ ትልቅ ዳዶ ላይ ያስተኙ፤ ችንካሩ በትክክል የዳዶው ቀዳዳ ላይ ይረፍ። ጫፉን ቆርጠው ጠፍጣፋ ያደረጉት ምስማር ከላይ ያቁሙና በቀላል መዶሻ መታ መታ ያድርጉት። ካልወጣ መሐሉን በፑንታ ይብሱት፤ ችንካሩ 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ፑንታው 2.5 ይሁን። ልጡ ብቻ ይቀራል፣ እርሱ በራሱ ይወድቃል።

የጀርባ ሞላ ያለው ሰንጢ ከሆነ ችንካሩ እንደወጣ ስለቱ ይፈናጠራል። ያስፈነጠረው ሞላ መልሶ ሲገጣጠም ቀዳዳዎቹን አላገናኝ ይላል፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው። መላው ቀላል ነው። ጫፉን በሞረድ ያሾሉት ምስማር መጀመሪያ ያስገቡና ቀዳዳዎቹን እየጎተተ ያሰልፋቸው። ከዚያ እውነተኛውን ችንካር ከኋላው እየገፉ ሲያስገቡ ምስማሩ በወዲያኛው በኩል ይወጣል።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ በምን ይተካ? እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። ከዓመታት በፊት ሰሃላ ሳለሁ ለሰንጢዬ የተሰበረ የትራፓኖ ፑንታ ቆርጬ አስገባሁ። ከብረት ሁሉ ጠንካራው እርሱ ነው፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል ብዬ ነበር። ራሱን ስቀጠቅጠው ተደፍጥጦ አልደድር አለኝ፤ ብዙ ታግዬ ጠርዙን ሸራርፌ ተውኩት። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጠፍር ስቆርጥ ቀጭ ብሎ ተሰበረና ስለቱ ጣቴ ላይ ታጠፈ። ሰንጢውን ይዤ ወደ አንድ ሽማግሌ ባለ እጅ ሄድኩ። ስብርባሪውን አነሱና ድንጋይ ላይ አድርገው በመዶሻ ጫፍ ነካ አደረጉት፤ ለሁለት ተከፈለ።

«አየህ ልጄ፣» አሉኝ፣ «ብርጭቆ ነው ያስገባኸው። ችንካር ከስለቱ ማነስ አለበት። እርሱ ይለቅ፣ ስለቱ ይዳን። እርሱን እለውጥልሃለሁ፤ ስለቱን ግን ከየት አመጣልሃለሁ?»

የስንቶቻችን ቤት ዕቃ በዚህ ሰውዬ ዓይነት እጅ ተጠግኗል! ቀን ማረሻችንንና ሰንጢያችንን አሠርተን ማታ ከጎረቤት ጋር የምናማቸው ግን እነሱኑ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል፤ ስድቡ በአዋጅ አልጠፋም። ለማንኛውም ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ለችንካር ለስላሳ ብረት ብቻ እፈልጋለሁ።

ምርጡ በየትኛውም ብየዳ ቤት ደጃፍ ተጥሎ ይገኛል። በያጁ ሲያጥር የሚጥለው የኤሌክትሮድ ቁራጭ ነው። ሽፋኑን በመዶሻ መታ መታ ሲያደርጉት ይረግፋል፤ ውስጡ ለስላሳ የብረት ሽቦ ነው። በብዛት የሚሸጡት ሁለት ዓይነት ናቸው፣ 2.5 እና 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው፤ የአብዛኛው ሰንጢ ቀዳዳ ከነዚህ በአንዱ ይሞላል። የብስክሌት ራጅ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ለትንሽ ሰንጢ ይሆናል። ናስ ካገኙ ደግሞ እሰየው፤ አይዝግም፣ ራሱም በቀላሉ ይደድራል። ስመ ጥሩዎቹ የስዊዘርላንድ ሰንጢዎችም የሚያያዙት በናስ ችንካር ነው። የመብራት ሽቦ መዳብ ከቸገረ ያገለግላል፤ 6 ካሬ የሚባለው ነጠላ ሽቦ ውፍረቱ 2.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን መዳብ ቶሎ ይበላል፣ በየዓመቱ መቀየር ሊኖርብዎ ነው። የኮንክሪት ምስማር፣ መርፌ፣ ፑንታ በፍጹም አይሆኑም።

የያዙትን ብረት ካላወቁት በሞረድ ይሞክሩት። ሞረዱ ከነከሰው ለስላሳ ነው፤ ከተንሸራተተበት ጠንካራ ነው። ተራ ምስማር ትንሽ ደረቅ ካለብዎ ፍም ውስጥ ከትተው ቀይ እስኪሆን ያግሉትና አመድ ውስጥ ቀብረው ይተዉት፤ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ይላላል። ውኃ ውስጥ እንዳይነክሩት። የቆርቆሮ ቤት ምስማር ግን እሳት ውስጥ አይክተቱ፤ ላዩ የተቀባው ዚንክ ሲግል የሚወጣው ጢስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል።

አዲሱ ችንካር በእጀታው ቀዳዳ በጣት ግፊት ጠበቅ ብሎ የሚገባ፣ በስለቱ ቀዳዳ ውስጥ ግን በነፃ የሚዞር ይሁን። ከወፈረ ትራፓኖው ላይ አስረው እያዞሩ በሞረድ ያቅጥኑት። የስለቱ ቀዳዳ ከሞለለ ደግሞ ክብ እስኪሆን በሚቀጥለው መጠን ፑንታ ያስፉትና ወፈር ያለ ችንካር ይጠቀሙ። ስለቱ የጠነከረ ብረት ስለሆነ ፑንታው በቀላሉ አይነክሰውም፤ ዘይት ጠብ እያደረጉ፣ ትራፓኖውን በዝግታ እያዞሩ ይታገሱት። አልበሳ ካለ ለባለሙያ ይስጡ። ስለቱን በእሳት አላላለሁ ብለው እንዳይሞክሩ፤ ከዚያ በኋላ ቂቤ እንጂ ሌላ የሚቆርጥ አይሆንም።

ርዝመቱን ሲቆርጡ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ችንካር ከየጎኑ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ይትረፍ። ከዚያ ከበዛ ራሱ ከመደደር ይልቅ ይጎብጣል፤ ካነሰም የሚይዝ ራስ አይኖረውም። የእጀታውን ቀዳዳ አፍ ደግሞ በወፍራም ፑንታ በእጅ አንድ ሁለት ጊዜ አዙረው በጥቂቱ ያስፉት፤ የሚደድረው ራስ የሚተኛበት ጎድጓዳ ይፈጠራል።

አሁን የምነግርዎ ብልሃት የዚህ ምዕራፍ ዋጋ ነው። ተቀጥቅጦ የጠበቀ ሰንጢ አይከፈትም፤ ላላ ተብሎ የተተወ ደግሞ ይወዛወዛል። ስለዚህ ከመቀጥቀጥዎ በፊት ከስለቱ ግራና ቀኝ አንዳንድ ቁራጭ የደብተር ወረቀት ዘይት አስነክተው ያስገቡ። የአንድ ወረቀት ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ለስለቱ መተንፈሻ የሚበቃውም ይኸው ነው። ጠበቅ እስኪል ቀጥቅጠው ሲጨርሱ ወረቀቱን ጎትተው ያወጡታል፤ ክፍተቱ ይቀራል። ሮንዴላ የሚጠይቅ ሰንጢ ከሆነ ከባዶ ሃይላንድ ጎን ላይ ክብ ቆርጠው መሐሉን ቢበሱት ጥሩ ሮንዴላ ይወጣዋል፤ ይህ ሰንጢው ውስጥ ይቀራል።

ለመቀጥቀጥ ትንሽ መዶሻ ይበቃል፤ ያውም ራሱ ክብ የሆነው ቢገኝ ይሻላል። የመጥረቢያ ጀርባ የሚጠቀሙ አይቻለሁ፣ አይሆንም። ከታች ብረት ይኑር፤ ሞርሳ ከሌለ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ወይም ወፍራም ሚዛን ድንጋይ ይተካዋል። መሐሉን አይምቱ። ጠርዙን በዙሪያው እንደ ዝናብ ካፊያ ጠብ ጠብ ያድርጉት፤ ወደ አሥር ጊዜ ያህል ከመቱ በኋላ ይገልብጡና ሌላውን ጎን። በአንድ ወገን ብቻ ከቀጠቀጡ ችንካሩ ውስጡ ይጎብጣል፣ ስለቱም ተንጋዶ ይዘጋል። በየመሐሉ ከፍተው ዘግተው ይሞክሩት። ካለፈና ከጠበቀ አይደንግጡ፤ ሰንጢውን ዳዶው ላይ አስተኝተው የችንካሩን ራስ በምስማሩ አንድ ጊዜ ሲነኩት ለቀቅ ይላል።

የቢራቢሮው አጋጅ ችንካር ይህን ሁሉ አይፈልግም። ራስ የለውም። ቀዳዳውን ሞልቶ በግፊት ብቻ ይገባል፤ በፒንሳ ወይም በሞርሳ ጨምቀው ከሁለቱም ጎን እኩል እስኪወጣ ይግፉት።

በቡሎንና በዳዶ የሚተኩም አሉ። ለመጠጋገን ቢሆን አልቃወምም፤ ግን የቡሎኑ ጥርስ ስለቱ ቀዳዳ ውስጥ ካረፈ እንደ መጋዝ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ጥርሱ ከእጀታው ውጪ የሚጀምር ቡሎን ይፈልጉ። ዳዶው እየላላ ካስቸገረ እቤት ያለ የጥፍር ቀለም አንድ ጠብታ ይይዘዋል፤ ባለቤትዎን አስፈቅደው።

ዘይቱን በተመለከተ፦ የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ። ቂቤ ይበላሻል፣ ይሸታል። የኑግ ዘይት ደግሞ አየር ሲያገኘው እየረጋ እንደ ሙጫ ይያያዛል፤ በወሩ ሰንጢው በጥርስ እንጂ በጣት አይከፈትም። ማር የተቆረጠበትን ሰንጢ ለብ ባለ ውኃ አጥበው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ ከዚያ ዘይት ይስጡት።

መቀስ የላላበት ሰውም በዚሁ መንገድ ይሠራዋል፤ ወረቀቱን ብቻ ይተወው፣ መቀስ ሁለቱ ስለቶች ካልተፋተጉ ጨርቅ ያኝካል እንጂ አይቆርጥም። ልኩን ለማወቅ መቀሱን ከፍተው አንዱን ቀለበት ይያዙና ሌላውን ወደ ላይ አንስተው ይልቀቁት። ወርዶ ከተዘጋ ገና ላላ ነው፤ ከቦታው ካልተነቃነቀ አጥብቀውታል። መንገዱ አጋማሽ ላይ መጥቶ ከቆመ መዶሻውን ያስቀምጡ።