ከእንዶድ እስከ ኑግ ፋጉሎ፦ የዘረ-መል ሥነ መርዝ ምርመራና የሳይንስ ማኅበር ፋይዳ

መግቢያ

የዘረ-መል ሥነ መርዝ፣ በተለምዶ ጄኔቲክ ቶክሲኮሎጂ የሚባለው የጥናት ዘርፍ፣ አንድ ንጥረ ነገር በሕዋስ ውስጥ ያለውን የዘር መረጃ ይጎዳ እንደሆነ፣ የሚጎዳም ከሆነ ጉዳቱ በምን መንገድና በምን መጠን እንደሚደርስ ይመረምራል። ከሌሎች የሥነ መርዝ ጥናቶች የሚለየው የሚከታተለው ጉዳት ዘግይቶ የሚታይ በመሆኑ ነው። ጉበትን ወይም ኩላሊትን የሚያጠቃ መርዝ ምልክቱን በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሊያሳይ ይችላል፤ ዲኤንኤን የሚጎዳ ነገር ግን ውጤቱ ከዓመታት በኋላ በካንሰር መልክ ሊገለጥ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ ታማሚ እስኪገኝ መጠበቅ አይቻልም፤ ጉዳቱን በቅድሚያ የሚያመለክት ምርመራ የግድ ነው።

ሆኖም ምርመራ ማካሄድ ብቻውን በቂ አይደለም። አንድ ላብራቶሪ ያገኘውን ውጤት ሌላው ሊያምነውና ሊደግመው ካልቻለ፣ ውጤቱ ለሕዝብ ጤና ውሳኔ አይበቃም። ይህ ጽሑፍ በእንዶድ፣ በጫትና በወተት ላይ የተደረጉ ጥናቶችን በመመልከት፣ የዘረ-መል ሥነ መርዝ ማኅበራት የሚሠሩት ሥራ ለኢትዮጵያ፣ በተለይም በጉለሌ ክፍለ ከተማ ለሚገኙት የምርምር ተቋማት ምን ትርጉም እንዳለው ይመረምራል።

የዘርፉ አነሣሥ

የዘርፉ ታሪክ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የሚገናኝበት፣ እምብዛም የማይነሣ ነጥብ አለ። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1935 ጀምሮ የኢጣልያ ጦር በሰሜን ግንባር የሰናፍጭ ጋዝን ከአውሮፕላን በቦምብና በርጭት ተጠቅሟል። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1936 በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር ባሰሙት ንግግር ይህንኑ አስረድተዋል። በዚያን ጊዜ የጋዙ ጉዳት የሚታወቀው በዋናነት በቆዳ፣ በዓይንና በሳንባ ላይ በሚያደርሰው ቃጠሎ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሻርሎት አወርባክና ጆን ሮብሰን በኤደንብራ ባደረጉት ሙከራ፣ ይኸው ጋዝ በፍሬ ዝንቦች ላይ የዘረ-መል ለውጥ እንደሚያስከትል አረጋገጡ። ውጤቱ በጦርነቱ ምክንያት በምስጢር ተይዞ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1946 ታተመ። የኬሚካል ሚውቴሽን ጥናት መሠረት ከሆኑት ግኝቶች አንዱ ይህ ነው። በኢትዮጵያውያን ላይ የተረጨው ንጥረ ነገር የዘር መረጃን የሚጎዳ መሆኑ የታወቀው እንግዲህ ከተረጨ በኋላ ነው።

ዘርፉ በማኅበር የተደራጀው ኬሚካሎች በእርሻ፣ በመድኃኒትና በምግብ ውስጥ በብዛት መግባት ከጀመሩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ፣ በአሌክሳንደር ሆላንደር አነሣሽነት፣ የአካባቢ ሚውታጅን ማኅበር ተመሠረተ፤ በቀጣዩ ዓመት የአውሮፓው ተከተለ። በአፍሪካም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አህጉራዊ ማኅበር ተቋቁሟል። ብሩስ ኤምስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቁት የባክቴሪያ ምርመራ ደግሞ ዘርፉን ለብዙ ላብራቶሪዎች ክፍት አደረገው። በዚህ ምርመራ ሂስቲዲን የተባለውን አሚኖ አሲድ መሥራት የማይችሉ የሳልሞኔላ ባክቴሪያዎች ለሚጠናው ንጥረ ነገር ይጋለጣሉ። ንጥረ ነገሩ ሚውቴሽን የሚያስከትል ከሆነ፣ ሂስቲዲን በሌለበት ምግብ ላይ የሚያድጉት ቅኝ ግዛቶች ቁጥር ይጨምራል።

የእንዶድ ትምህርት

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው የታወቀ ታሪክ ነው። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ ጥገኛ ተሕዋስያን አስተላላፊዎች ስለሆኑ፣ ግኝቱ በርካሽና በአገር ውስጥ ተክል በሽታውን የመቆጣጠር ተስፋ ፈነጠቀ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተደረገው የመስክ ሙከራ የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ፤ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆኑ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ምርታማና ኃይለኛ የሆነውን 44ኛውን ዓይነት መርጠው በማውጣት ሥራውን አሳደጉት። ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» በመባል የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ አግኝተዋል።

ይህን የመሰለ ውጤት ይዞ እንዶድ ወደ ሰፊ አገልግሎት ያልገባው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት የደኅንነት ማስረጃ ጥያቄ ነው። በወንዝ ውስጥ የሚጨመር፣ ሰውና ከብት የሚጠጣው ውኃ የሚነካው ነገር፣ በካንሰርና በዘር ጉዳት በኩል ሥጋት እንደሌለው መታየት ነበረበት። ጥያቄው ተገቢ ነው። አክሊሉ በተደጋጋሚ ያመለከቱት ችግር ግን፣ በአገር ውስጥ የተሠሩ ምርመራዎች በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ የመልካም ላብራቶሪ አሠራር ማረጋገጫ ስለሌላቸው ተቀባይነት ማጣታቸውን ነው። የእንዶድ የሚውቴሽን ምርመራ በአሜሪካ ተመራማሪዎች የታተመው እ.ኤ.አ. በ1984፣ ማለትም ከዓድዋው ምልከታ 20 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ሚውቴሽን የማስከተል ባሕርይ አልተገኘበትም። ሰፋ ያለው የደኅንነት ግምገማ የወጣው ደግሞ በ1991 ነው። በዚህ ግምገማ ዓይንን በጽኑ የሚያስቆጣና ለዓሣ መርዛማ መሆኑ ቢታይም፣ የዘረ-መል ጉዳት ሥጋት አልታየም።

ከዚህ ሁለት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛ፣ «ጉዳት አልተገኘም» የሚል ውጤት ትልቅ ዋጋ አለው፤ አንድን ጠቃሚ ነገር ከጥርጣሬ ያወጣል። ሁለተኛ፣ የዚህ ዋጋ ባለቤት ምርመራውን በሚታመን መንገድ ማካሄድ የሚችለው ወገን ነው። ዓድዋ በተገኘ ተክል ላይ የመጨረሻው ቃል ከባሕር ማዶ የተጠበቀው የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ዕውቀት አንሶ ሳይሆን፣ ውጤታቸውን የሚያስተማምን የጋራ ሥርዓት ስላልነበረ ነው።

ጫትና የማይክሮኒውክለስ ቆጠራ

ሁለተኛው ጉዳይ ከባክቴሪያ ወደ ሰው ያሸጋግራል። አንድ ሕዋስ ሲከፈል የተሰበረ የክሮሞሶም ቁራጭ ወይም ወደ ኋላ የቀረ ሙሉ ክሮሞሶም ከዋናው ኒውክለስ ውጭ ሊቀር ይችላል። በዙሪያውም ትንሽ ክብ አካል ይሠራል፤ ይህ ማይክሮኒውክለስ ይባላል። ከጉንጭ ውስጠኛ ገጽ በቀስታ ተፍቀው በሚወሰዱ ሕዋሳት ላይ ሊቆጠር ስለሚችል መርፌም ሆነ ደም አያስፈልገውም።

በቪየና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ሲጋራ በማያጨሱና አልኮል በማይጠጡ ጫት ቃሚዎች የጉንጭ ሕዋሳት ውስጥ የማይክሮኒውክለስ ብዛት 8 እጥፍ ያህል ጨምሮ ተገኝቷል። ከማይክሮኒውክለሶቹ 81 በመቶው የሴንትሮሜር ምልክት ነበራቸው። ይህም ጫት ክሮሞሶምን ከመስበር ይልቅ በሕዋስ ክፍፍል ጊዜ የክሮሞሶሞችን አከፋፈል የሚያዛባ መሆኑን ይጠቁማል። ትንባሆና አልኮል ሲታከሉበት ደግሞ ጉዳቱ ተደማሪ ሆኖ ታይቷል።

እዚህ ላይ የአሠራር ጥንቃቄ ወሳኝ ይሆናል። የማይክሮኒውክለስ ቆጠራ ከሚጠይቃቸው ዕቃዎች ብዙዎቹ በማንኛውም የወባ ምርመራ በሚያካሂድ ላብራቶሪ ይገኛሉ፤ ማይክሮስኮፕ፣ ስላይድና ጊምዛ ቀለም። ነገር ግን በጉንጭ ሕዋሳት ላይ ጊምዛን መጠቀም የኬራቲን ቅንጣቶችን እንደ ማይክሮኒውክለስ እንዲቆጠሩ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ዲኤንኤን ብቻ የሚቀልም፣ ለምሳሌ የፎይልገን ዘዴ ይመረጣል። ሁለት ላብራቶሪዎች አንዱ በጊምዛ፣ ሌላው በፎይልገን ቢቆጥሩ፣ የሚታየው ልዩነት ከሰዎቹ ሳይሆን ከቀለሙ የመጣ ሊሆን ይችላል። በታሰበው ልክ ያልተቀናጀ ቆጠራ ስለዚህ የሐሰት ሥጋት ወይም የሐሰት መጽናኛ ይፈጥራል።

ወተትና አፍላቶክሲን

ሦስተኛው ጉዳይ የዕለት ምግብን ይመለከታል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባለው የወተት አቅራቢ አካባቢ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ የተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች በሙሉ አፍላቶክሲን ኤም1 ተገኝቶባቸዋል። ከአውሮፓ ኅብረት ወሰን፣ ከ0.05 ማይክሮግራም በሊትር ያልበለጡት 9 ብቻ ነበሩ። 29ኙ፣ ማለትም ከሩብ በላይ የሚሆኑት፣ ከዚያ አሥር እጥፍ ከሚላላው የአሜሪካ ወሰን፣ ከ0.5 ማይክሮግራም አልፈዋል። ለላሞቹ ከሚሰጡት መኖዎች መካከል በዋና ምንጭነት የተጠቆመው የኑግ ፋጉሎ ነው።

የጉዳቱ መንገድ በሚገባ የታወቀ ነው። በፋጉሎው ላይ የበቀለ ሻጋታ አፍላቶክሲን ቢ1ን ያመነጫል፤ ላሟ ስትመገበው በጉበቷ ውስጥ ወደ ኤም1 ተለውጦ ከፊሉ ወደ ወተቱ ይገባል። ቢ1 ራሱ በሰው ጉበት ውስጥ ወደ ኢፖክሳይድ ሲለወጥ በዲኤንኤ ላይ ካለው ጓኒን ጋር ይጣበቃል። ከፍተኛ የአፍላቶክሲን ተጋላጭነት ባለባቸው አገሮች በጉበት ካንሰር ሕሙማን ዘንድ በፒ53 ዘረ-መል 249ኛ ኮዶን ላይ ተደጋግሞ የሚታየው የጓኒን ወደ ታይሚን መለወጥ የዚህ አሻራ ነው። ዲኤንኤን በቀጥታ ለሚጎዱ ንጥረ ነገሮች ፍጹም ደኅና የሚባል መጠን እንዳለ ስለማይታሰብ፣ መመሪያው በተቻለ መጠን መቀነስ ነው። መቀነሻው ደግሞ ከላብራቶሪ ውጭ ይገኛል፤ የኑግ ፍሬን በደንብ ማድረቅ፣ ፋጉሎን ከእርጥበት መጠበቅ፣ የሻገተውን አለመመገብ።

ወተቱን አስጥሎ ሕፃናትን ከምግብ ማራቅ ግን ሌላ ጉዳት ነው። ስለዚህ የዘረ-መል ሥነ መርዝ ባለሙያ ቁጥርን ለሕዝብ ሲያቀርብ የአደጋውን ዓይነት፣ የመጋለጡን መጠንና የመፍትሔውን ቦታ ለይቶ መናገር ይጠበቅበታል።

ማኅበር የሚጨምረው

ሦስቱ ጉዳዮች በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ፤ የአንድ ተመራማሪ ውጤት ኃይል የሚያገኘው ከሌሎች ውጤት ጋር ሲመዛዘን ነው። ማኅበራት በዋናነት የሚሠሩት ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የተጀመረው ዓለም አቀፍ የሰው ማይክሮኒውክለስ ፕሮጀክት ግልጽ ምሳሌ ይሆናል። ተሳታፊ ላብራቶሪዎች የቆጠራ መስፈርታቸውን አስተካከሉ፤ መረጃቸውንም በአንድ ላይ አሰባሰቡ። በዚህም መሠረት በ2007 በታተመ ትንተና፣ ከ10 አገሮች የተውጣጡ 6,718 ሰዎች መረጃ ተመርምሮ፣ በደም ሕዋሶቻቸው ከፍተኛ የማይክሮኒውክለስ ብዛት የተገኘባቸው ሰዎች በኋላ በካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑ ታየ። ይህን አንድ ላብራቶሪ ብቻውን ሊያሳየው አይችልም ነበር።

ጉለሌ ለእንዲህ ያለ ትብብር የተመቸ ስፍራ ነው። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» በሚለው ሰፈር የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛል፤ ተቋሙ የአሁኑን ስሙን የያዘው በ2006 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሰፈሩ ስም የቀድሞውን የፓስተር ኢንስቲትዩት ያስታውሳል። ሕሙማንን የሚያክመውና ሐኪሞችን የሚያሠለጥነው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በዚያው ክፍለ ከተማ ነው። ወደ እንጦጦ ግርጌ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የአገር በቀል ተክሎችን ይጠብቃል። ላብራቶሪው፣ ሕመምተኛውና ተክሉ በአንድ ክፍለ ከተማ ይገኛሉ ማለት ነው።

ለመነሻ የሚያስፈልጉት ሥራዎች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። አንደኛ፣ ላብራቶሪዎች ስማቸው የተሸፈነ ስላይዶችን ተለዋውጠው ቢቆጥሩና ልዩነታቸውን ቢያነጻጽሩ፣ የቆጣሪዎችን ስሕተት ከእውነተኛው ጉዳት መለየት ይቻላል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ላብራቶሪ ያልተጋለጡ ሰዎችን መነሻ መጠን በጋራ መዝገብ ቢያኖር፣ ቀጣዩ ተመራማሪ ውጤቱን የሚያመዛዝንበት ሚዛን ያገኛል። ሦስተኛ፣ «ጉዳት አልተገኘም» የሚሉ የባህል መድኃኒት ምርመራዎች ያለ ማመንታት ቢታተሙ፣ የእንዶድ ዓይነት መዘግየት አይደገምም። አራተኛ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናታቸውን በዓለም አቀፉ የኦኢሲዲ የምርመራ መመሪያዎች መሠረት ከመጀመሪያው ቢነድፉ፣ ለምሳሌ የባክቴሪያውን ምርመራ በቁጥር 471፣ በሰውነት ውስጥ የሚደረገውን የማይክሮኒውክለስ ምርመራ በቁጥር 474፣ ሥራቸው ከመደርደሪያ አልፎ ለውሳኔ ሰጪ ማስረጃ ይሆናል።

ማጠቃለያ

የሰናፍጭ ጋዝ ሲረጭ ጥያቄውን ለመጠየቅ የሚያስችል ሳይንስ አልነበረም። እንዶድ ሲገኝ ሳይንሱ ነበረ፤ በአገር ውስጥ የሚታመን መልስ የሚሰጥበት ሥርዓት ግን አልነበረም። የዛሬው ወተት፣ ጫትና የባህል መድኃኒት በሚመረመሩበት ጊዜ ሁለቱም በአንድ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ለዚህ የሚቀድመው አዲስ ሕንጻ ወይም ውድ መሣሪያ አይደለም፤ የሁለት ላብራቶሪ ተመራማሪዎች አንድን ስላይድ ተራ በተራ ቆጥረው፣ ያገኙትን ቁጥር ሳይደብቁ የሚያነጻጽሩበት ልማድ ነው።