የአፈር ግድብን ስለ መጠበቅ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ክረምቱ ውኃን አብዝቶ ይሰጣል፤ በጋው ግን ይነሣል። ስለዚህ ባላገሩ ምንጩንና ወንዙን በቦይ እየጠለፈ ያጠጣል፤ የክረምቱን ውኃ ለበጋ ሊያቆይ የወደደም ሰው በማሳው ራስ የአፈር ግድብ ይሠራል። በመራዊ አጠገብ ያለው፣ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የታሰበው የቆጋ ግድብም የአፈር ነው፤ ነገር ግን እርሱን መሐንዲሶች ሠርተውታል። የአንድ ገበሬ ግድብ ከባለቤቱ ዓይን በቀር ጠባቂ የለውም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 197 የአገሪቱ ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይናገራል፤ ግድቡ የአንድ ሰው ቢሆንም ጉዳቱ የሸለቆው ሁሉ ነው።

አፈር ውኃን በጎኑ ያቆማል፤ በራሱ ላይ ሲሄድበት ግን አይችልም። ውኃው ግድቡን የተሻገረ እንደ ሆነ ከጀርባው አፈሩን እየጠረገ ይንደዋል። ስለዚህ ከግድቡ አናት ዝቅ ያለ፣ በጎን በጠንካራ መሬት ላይ የተቆፈረ የትርፍ ውኃ መውጫ ያስፈልጋል። ባለቤቱ ውኃው እንዳያመልጠው ሳስቶ ይህን በር በድንጋይ የደፈነ እንደ ሆነ፣ ግድቡን በገዛ እጁ አፈረሰ ማለት ነው።

አጼ ዮሐንስ በመተማ በወደቁበት በ1881 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ ከጆንስታውን ከተማ በላይ፣ የአንድ የባለጸጎች ማኅበር የአፈር ግድብ ነበረ። ማኅበሩ ዓሣው እንዳይወጣበት በትርፍ ውኃ መውጫው ላይ የብረት ወንፊት አኑሮ ነበር፤ የግድቡም አናት ለሠረገላ መንገድ ሲባል ዝቅ ተደርጎ ነበር፤ በሥሩ የነበሩት የውኃ ማውጫ ቧንቧዎች አስቀድሞ ተነቅለው አልተተኩም። በግንቦት ወር ብርቱ ዝናም ዘነመ፤ ውኃው ተሻግሮ ግድቡን ጣሰው፤ 2,209 ሰዎች ሞቱ። ግድቡ የእነዚያ ነበረ፤ ጎርፉ የመጣው ግን በታች በሚኖሩት ላይ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ስውር ነው፤ ይኸውም ውኃው በግድቡ ሆድ ውስጥ መንገድ ማበጀቱ ነው። ፍልፈል ይቆፍረዋል፤ የተቆረጠ የባሕር ዛፍ ሥር በስብሶ ባዶ ቀዳዳ ይተዋል፤ መረሬ አፈርም በበጋ ይሰነጠቃል። ከጀርባው ግርጌ የሚንጠባጠበው ውኃ ንጹሕ ሆኖ መጠኑ ካልጨመረ፣ በየዕለቱ እየተመለከቱ መጠበቅ ነው። ደፍርሶ ከወጣ ግን አፈሩን ከውስጥ እየበላው ነውና፣ በታች ያሉትን ሰዎችና ከብቶች ከሸለቆው ማውጣት፣ ውኃውንም በማውጫው ማጉደል ይገባል። አናቱን በዶማ መቁረጥ ግን ክፉ ስሕተት ነው፤ የተቆረጠውን ውኃው ራሱ ያሰፋዋልና።

መምህሩ ከሰኔ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ ከመንደሩ ሽማግሌ ጋር ተማሪዎቹን ወደ ግድቡ ይውሰድ። በአናቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ገመድ ወጥረው ከብት የሚሻገርበትን ቦታ ይለኩ፤ ውኃው መጀመሪያ የሚያልፈው በዚያ በጐደጐደው በኩል ነው። የጐደለውንም አፈር እያረጠቡ፣ በስንዝር በስንዝር እየደረቡ፣ ዝናሙ ሳይጀምር ይደልድሉት።