ይቅር የማይል መዝገብ፦ ስለ ዲጂታል ገንዘብ ለወጣቶች የተሰጠ ትምህርት

የዛሬው ትምህርታችን መነሻ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 23 ነው። ሣራ ዐርፋለች፤ አባታችን አብርሃም በእንግድነት በሚኖርበት አገር የመቃብር ቦታ ይፈልጋል። የቦታው ባለቤት ኤፍሮን እርሻውንም ዋሻውንም በነጻ ውሰድ ቢለው አብርሃም አልተቀበለም። በከተማው በር በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት 400 ሰቅል ብር መዝኖ ሰጠ፤ ቦታውም በዚያ ሁሉ ሰው ምስክርነት ጸናለት። መጽሐፉ የብሩን መጠን ነግሮን አላለፈም፤ በማን ፊት እንደ ተመዘነም ጻፈልን። ይህን ነገር ያዙት፤ እንመለስበታለን።

እዚህ ፉሪ ወጣቶች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አለ። ቢትኮይን ገንዘብ ነው ወይ? መንግሥት ያላተመው ነገር ዋጋውን ከየት አመጣ? ክርስቲያን ቢይዘውስ ኃጢአት ይሆንበታል? ነገሩን የጀመሩት ሰዎችም የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጠይቀው ነበርና ጠየቃችሁ ብዬ አልቆጣም። ቀስ ብለን እንያቸው።

በየቀኑ ከምታዩት ልነሣ። በመንገድ ዳር ድንችና ሽንኩርት የምትሸጥ እናት አለች። ገዢው በቴሌብር ከፍሎ «ገብቷል» ብሎ ስልኩን ሲያሳያት አትሰማውም። ሽንኩርቱን በፌስታል ቋጥራ በአንድ እጇ እንደ ያዘች የራሷን ስልክ ታያለች። ከቴሌብር ቁጥር 127 መልእክት ገብቶ ስሙንና የብሩን መጠን እስክታነብ ድረስ ፌስታሉ ከእጇ አይወጣም፤ በሐሰት ስክሪንሾት የተበላ ሰው ታውቃለችና። ይህች እናት የነገሩን ሥር አግኝታዋለች። በስልክ ያለ ገንዘብ መዝገብ ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው፤ ቁጥር ደግሞ ማንም ሊያስመስለው ይችላል። አንድ ሰው ያንኑ ብር ለሁለት ሰው እንዳይከፍልበት መዝገቡን የሚጠብቅ የታመነ አካል ያስፈልጋል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ይህን የሚያደርገው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ በባንክ ሒሳብ ደግሞ ባንኩ።

የቢትኮይን ጀማሪዎች ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። መዝገቡን የሚይዝ አንድ አካል ባይኖርስ? ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም ብቻ የሚታወቀው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 ባወጣው የ9 ገጽ ጽሑፍ መልስ ሰጠ። መዝገቡ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይጻፍ፤ አዲስ ገጽ የሚጨምረው ከባድ ስሌት ቀድሞ የፈታው ይሁን፤ ሌሎቹም መርምረው ይቀበሉት፤ ለደከመው አዲስ ሳንቲም ይታሰብለት አለ። የሳንቲሙም ብዛት ከ21 ሚሊዮን እንዳያልፍ ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 በተጻፈው በመጀመሪያው ገጽ ውስጥ መንግሥት ባንኮችን ለመታደግ ስለ መዘጋጀቱ የሚናገር የለንደን ጋዜጣ ርእስ ተቀርጾበታል። በባንኮች ላይ የነበረው ቅሬታ ግልጽ ነው።

እንግዲህ አብርሃምን አስታውሱ። እነዚህ ሰዎች ምስክርን እናስቀራለን ብለው ተነሡ፤ የሠሩት ግን ምስክርን ማብዛት ነው። ከኤፍሮን ጋር በከተማው በር እንደ ተቀመጠው ሕዝብ፣ ሁሉም የሚያየው ክፍያ ማንም አይክደውም። ይህን መልካም ሐሳብ ነው ብዬ በሙሉ ልቤ እናገራለሁ።

ዋጋው ከየት መጣ ለሚለው መልሱ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 2010 አንድ አሜሪካዊ በ10,000 ቢትኮይን ሁለት ፒዛ አገኘ። ዋጋ የሆነው ሌላ ሰው ልቀበልህ ስላለው ነው። አያቶቻችንም በአሞሌ ጨውና በማርያ ቴሬዛ ብር የተገበያዩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ማርያ ቴሬዛን ያተመው የኢትዮጵያ ንጉሥ አልነበረም።

ታዲያ የመንግሥት ቦታ የት ነው? በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 22 ጌታችን ስለ ግብር ሲጠየቅ አስቀድሞ ሳንቲሙን አስመጥቶ የማን መልክ እንዳለበት ጠየቀ። በቄሣር ገንዘብ የሚገበያይ ለቄሣር የሚገባውን ይሰጣል፤ የእግዚአብሔር መልክ ያለበት ሰው ግን ለእግዚአብሔር ነው። በእኛም አገር ንጉሡ ኢዛና በሳንቲሙ ላይ የነበረውን ጨረቃ በመስቀል ለወጠ። ከአክሱም የነሐስ ሳንቲሞች በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ይህ ሕዝቡን ደስ ያሰኝ የሚል ምኞት በግሪክ ፊደል ተጽፏል። ገንዘብ ያወጣ መንግሥት የተገዢውን ደኅንነት እንደሚሻ በሳንቲሙ ላይ መጻፉን ሳስብ ልቤ ይነካል፤ ለዛሬም መለኪያ ይሆነናል።

በዚህ መለኪያ ብሶታችሁ ይገባኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የቆጠባችሁት ቁጥር ሳይነካ የሚገዛላችሁ አነሰ። ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 8 መስፈሪያውን የሚያሳንሱትንና ሚዛኑን ሐሰተኛ የሚያደርጉትን በጽኑ ይወቅሳል፤ ስለዚህ የታመነ መስፈሪያ መመኘት ጽድቅ ነው። ብዛቱ የማይጨመር ገንዘብ የታመነ መስፈሪያ አይደለምን ትሉኛላችሁ። አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 አንድ ቢትኮይን 69,000 ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር፤ በዓመቱ ከ17,000 በታች ወረደ። ብዛቱ ተወስኗል፣ ዋጋው ግን አልተወሰነም። ለልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ያስቀመጠ አባት በዓመት ከአራት ሦስት እጁን ሲያጣ ብዛቱ 21 ሚሊዮን ነው ቢባል ምን ይጠቅመዋል?

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15 በየሰባተኛው ዓመት ዕዳ እንዲተው ያዝዛል። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 በሃምሳኛው ዓመት የተሸጠ ርስት ወደ ባለቤቱ እንዲመለስ ያዝዛል። እግዚአብሔር ሰው መዝግቦ እንዲይዝ ፈቀደ፤ መዝገቡ ግን የመጨረሻ ቃል እንዲኖረው አልፈቀደም። የቢትኮይን ክብር መዝገቡ አለመሰረዙ ነው። የተሳሳተ አድራሻ ላይ የላክኸው፣ ሌባ የወሰደብህ፣ ተታለህ የሰጠኸው ሁሉ እኩል ይጸናል፤ አቤት የሚባልበት ዳኛ በመዝገቡ ውስጥ የለም።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የሆነውን አስቡ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ለሰዓታት ያልነበራቸውን ገንዘብ አወጡ፣ አስተላለፉ፤ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ከወሰዱት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ መልሱ አለ፣ ለመለሱት ክስ እንደሌለ ተናገረ፣ አብዛኛውም ተመለሰ። አንድ ተማሪ በሌሊት ያደረገውን በጠዋት ሊያስተካክል የቻለው መዝገቡን የሚያርም ሰው ስላለ ነው። ማረም የሚችል እጅ ማጭበርበርም እንደሚችል አልክድም፤ ጀማሪዎቹ የፈሩትም እርሱን ነው። ነገር ግን በዕቁባችሁ ውስጥ ዳኛና ዋስ ለምን እንዳለ ጠይቁ። ዕጣ የወጣለት ሰው ቤቱ ቢቃጠል ዳኛው አባላቱን ሰብስቦ ጊዜ ይሰጠዋል። ይህን የምሕረት ሥራ ለኮምፒውተር አሳልፈን ልንሰጥ አንችልም።

ቢትኮይን ስለሚበላው መብራትም በአጭሩ። በመዝገቡ ላይ አዲስ ገጽ ለመጨመር ያንን ከባድ ስሌት የሚሠሩ ማሽኖች ብዙ ኃይል ይበላሉ፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም ማሽኖቹን ለሚያሠሩ ኩባንያዎች በዶላር ይሸጣል። ዶላሩ አገሪቱን ይጠቅማል። ግማሽ ያህሉ ወገናችን መብራት በሌለበት አገር ግን ኃይሉ ለማን ይቅደም የሚለው የፍትሕ ጥያቄ ነውና ጠይቁት።

ኃጢአት ነው ወይ ላላችሁኝ፦ መሣሪያው በራሱ ኃጢአት አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ግን በ2014 ዓ.ም. እንደ ቢትኮይን ባሉ የክሪፕቶ ገንዘቦች መገበያየት እንደማይፈቀድ አስታውቋል፤ ሕግን ማክበር ደግሞ ከሃይማኖታችን ነው። ሳንቲም ይገኝበታል በተባለው የሃምስተር የስልክ ጨዋታ ስክሪን ሲነኩ ያደሩትን፣ ሰው ባስገባህ ቁጥር ትከብራለህ የተባሉትን አውቃለሁ። በኋለኛው ለገባው ሰው የሚከፈለው ከሚቀጥለው ሰው ገንዘብ ነውና ስርቆት ነው፤ የእናታችሁን ዕቁብ ወስዳችሁ እንዳትገቡበት።

ከአገር ውጭ ያላችሁና ሕጉ የፈቀደላችሁ ደግሞ ኤርምያስ ምዕራፍ 32ን አንብቡ። ነቢዩ ኢየሩሳሌም ተከብባ ሳለ በ17 ሰቅል ብር እርሻ ገዛ፤ ውሉን በምስክር ፊት አትሞ ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠው፤ የሚጠቀሙበት ከእርሱ በኋላ የሚመጡት ነበሩና። የቢትኮይን ባለቤትነት የሚታወቀው በምስጢር ቁልፍ ነው፤ ቁልፉም ብዙ ጊዜ በ12 ወይም በ24 ቃላት ይጻፋል። ባለቤቱ ቁልፉን ለማንም ሳይነግር ቢሞት ገንዘቡ በመዝገቡ ላይ ይታያል፤ መበለቲቱና ልጆቹ ግን ሊነኩት አይችሉም፤ ፍርድ ቤትም ሊከፍትላቸው አይችልም። ስለዚህ ቃላቱን በወረቀት ጻፉ፤ ስልክ ላይ ፎቶ አንሥታችሁ አታስቀምጡ፤ ወረቀቱ ያለበትን ቦታ ለትዳር ጓደኛችሁ ወይም ለምታምኑት የንስሐ አባት ንገሩ፤ በኑዛዜያችሁም ገንዘቡ መኖሩን አስፍሩ።