የጋሪ ፈረስ ለግልቢያ ይሆናልን?

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ ጋሪ ሲስብ የኖረ ፈረስ ገዝቼ ለመዝናናት ልጋልብበት አስቤያለሁ። ይሆናልን?

መልስ፦ ይሆናል። ነገር ግን ጋሪ የለመደ ፈረስ መሳብን እንጂ ሰው መሸከምን ስላልተማረ፣ ዋጋ ከመቁረጥዎ አስቀድሞ የጋሪውን ዕቃ አስወልቀው ጀርባውን ከጋማው ሥር እስከ ወገቡ በመዳፍዎ ይዳስሱት፤ ገጣባ ከሆነ ቁስሉ ፈጽሞ ሳይሽር ኮርቻ አይጫንበት። በእግሩ ወይም በአንገቱ ላይ እንደ ዶቃ ተደርድሮ መግል የሚያወጣ እባጭ ቢያዩ ግን፣ ይህ በጋሪ ፈረሶች ዘንድ የታወቀ፣ በቁስልና በጋራ ዕቃ የሚተላለፍ ደዌ ነውና አይግዙት።

ጤነኛውን በመጀመሪያ ባዶ ኮርቻ፣ ቀጥሎም ክብደቱ የቀለለ ሰው በትዕግሥት ያስለምዱት። ሶምሶማው ወገብ ይንጣል፤ የሰጋርን ምቾት የሚሻ ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ በቅሎ ይግዛ። ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ቆላማ ስለሆነች፣ ጥቃቅን ተናካሽ ትንኞች የሚያስተላልፉት የፈረስ በሽታ ያሠጋልና፣ በቢሾፍቱ የሚመረተውን ክትባት ከክረምቱ በፊት ያስከትቡት። ሲጋልቡም በሐረጎ በኩል ወደ ደሴ የሚያወጣውን አስፋልት ለከባድ መኪናዎች ይተዉላቸው።